የሺሻ ማሰሮ እንጂ የአበባ ማስቀመጫ አይደለም

የጥንት ዕቃ ነጋዴዎች የፋርስን የሺሻ ማሰሮ ለመሸጥ የሚጠቀሙበት ዘዴ ያስገርማል። ቧንቧውና የትምባሆ መያዣው ተነቅሎ ይጣልና ውሃ የሚይዘው ሆድ ብቻ ለገበያ ይቀርባል። ሰብሳቢውም «በእጅ የተሳለ የፋርስ ፖርሴሊን» የሚለውን ወረቀት አምኖ ይገዛና አበባ ይሰካበታል፤ የባሰበት ደግሞ አምፖል ያቆምበታል።

እስቲ ስሙን እንመርምር። ፋርሶች ዕቃውን ቃልያን ይሉታል። ናርጊሌ የሚለው ሌላው ስም ኮኮነት ከሚለው የፋርስ ቃል የወጣ ነው፤ የእኛ ጋያ ከቅል እንደሚሠራ ሁሉ ያም ቀድሞ ከኮኮነት ቅርፊት ይሠራ ነበርና። በሳፋቪዶች ዘመን የከርማንና የመሽሐድ ሸክላ ሠሪዎች በሰማያዊና በነጭ ያስጌጡት ማሰሮ ግን ፖርሴሊን አይደለም። የፖርሴሊን ዋናው ነገር ካኦሊን የሚባለው ነጭ አፈር ነው። እነሱ የተጠቀሙት የተፈጨ ኳርትዝ፣ የመስታወት ዱቄትና ጥቂት ነጭ ጭቃ ነው። የቻይናን ዕቃ ለመፎካከር በራሳቸው መላ የደረሱበት ጥበብ ስለሆነ፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ ከፖርሴሊኑ ይበልጣል። እውነተኛ ፖርሴሊን ከሆኑት ውስጥ ደግሞ ቻይናና ሩሲያ ለፋርስ ገበያ ሠርተው የላኳቸው አሉ። እንግዲህ ሻጩ ፋርስነቱንና ፖርሴሊንነቱን አንድ ላይ ከመለጠፉ በፊት ቢያጣራ ምን ነበረበት?

«ስሙ ምን ያደርጋል፣ ውበቱ ይበቃል» የሚሉ አይጠፉም። አይበቃም! እ.ኤ.አ. በ1890 ናስር አል-ዲን ሻህ የአገሩን የትምባሆ ንግድ ጠቅልሎ ታልቦት ለተባለ እንግሊዛዊ ሻለቃ ሰጠ። ገበሬው ያመረተውን፣ ነጋዴው የሚነግደውን ባዕድ ሊያዝበት ሆነ። በ1891 መጨረሻ በታላቁ የሃይማኖት አባት በሚርዛ ሐሰን ሺራዚ ስም ማጨስን የሚከለክል ፈትዋ ወጣ። ሕዝቡ ቃልያኑን አስቀመጠ፤ የሰባበረውም ብዙ ነው። በራሱ በሻሁ ግቢ የሚኖሩት ሴቶች እንኳ እምቢ አሉ። በ1892 መጀመሪያ ሻሁ ውሉን ሰረዘ።

የዚሁ ሻህ መልክ ዛሬ ጨረታ ላይ በሚቀርቡ ማሰሮዎች ሆድ ላይ ተስሎ ይታያል። ገዢው ባለ ሪዙን ንጉሥ ከአበባው ሥር ያቆመዋል፤ ሕዝቡ በዚህ ዕቃ አማካይነት ንጉሡን እንደረታው የሚነግረው የለም።

ትምባሆ ገዳይ ነውና አጭሱበት አልልም። ቧንቧው ካለ ግን አብሮ ይሸጥ፤ ወረቀቱም ላይ የት እንደተሠራ፣ ከምን እንደተሠራ፣ የሺሻ ማሰሮ መሆኑም ይጻፍ። ዋጋው ይወርዳል የሚል ነጋዴ ካለ፣ ይውረድ።