ስሙን ከአማርኛ ያገኘ ዝንጀሮ

ከለንደን ሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ብትጓዙ ኮልቸስተር ትደርሳላችሁ። እዚያ ባለው መካነ አራዊት ብዙ ሰው ቀጭኔና አንበሳ ለማየት ይሮጣል። እኛ ግን ዛሬ የምንጎበኘው አንድ የአገር ልጅ ነው፦ ጭላዳን።

ጭላዳ በዱር የሚኖረው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። በጎንደር፣ በሰሜን ተራሮች፣ በመቶ የሚቆጠሩ ጭላዳዎች አብረው ይሰማራሉ። ሲመሽ ገደል ላይ ተጠግተው ያድራሉ። ዋና ምግባቸው ሣር ነው፤ ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን እንደ እነሱ ሣር በልቶ የሚኖር ሌላ የለም። ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው እየነጩ ይበላሉ። ወንዱ እንደ አንበሳ ጎፈር አለው። ደረታቸው ላይ ደግሞ ፀጉር የሌለው ቀይ ቦታ ይታያል። በኒውዮርክ የብሮንክስ መካነ አራዊት በ1990 ለጭላዳዎች የከፈተው ግቢ የኢትዮጵያን ደጋ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ነው።

ስማቸውም ታሪክ አለው። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ ሄደ። እንስሳውን በሰሜን ተራሮች አገኘው፤ ስሙንም ከአገሬው ሰው ወሰደ። ግን የ«ጭ» ድምፅ በጀርመንኛ የለም። ስለዚህ በ1835 ለሳይንስ ዓለም ሲያስተዋውቀው «ገላዳ» ብሎ ጻፈው። እንግሊዝኛም ቃሉን እንዳለ ተቀበለው፤ ዛሬ ብዙዎች «ጀላዳ» ይሉታል።

እንግዲህ አጥሩ ላይ የተለጠፈውን ስም ስታነቡ የምታነቡት አማርኛ ነው፤ ትንሽ የተጣመመ አማርኛ።

ከእናንተ መካከል «አማርኛዬ ይጣመማል» ብሎ የሚያፍር ይኖራል። «ጭ» ከብዶት «ች» ሲል ዘመድ የሳቀበትም አይጠፋም። ያን ጊዜ ሩፔልን አስታውሱ። ትልቁ ተመራማሪም «ጭ» አልሆነለትም። እሱን አጠገቡ ሆኖ የሚያርመው አያት ስላልነበረው ስህተቱ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። እናንተን ግን የሚያርም አለ። ስለዚህ ሳታፍሩ ተናገሩ፤ ሲያርሟችሁም ደግማችሁ ሞክሩ።

ኮልቸስተር ስትሄዱ አያታችሁን ወይም እናታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አጥሩ አጠገብ ቁሙና አብራችሁ በትክክለኛ ስሙ ጥሩት፦ ጭ-ላ-ዳ።

የሳምንቱ ቃላት
መካነ አራዊት፦ ሰዎች የዱር እንስሳትን የሚጎበኙበት ቦታ።
ጎፈር፦ በአንበሳ አንገትና ትከሻ ላይ የሚበቅል ረጅም ፀጉር።
ተሰማራ፦ ለግጦሽ ወጣ።