ከማብለጭለጭ አለመልቀቅ ይቅደም

በቋንቋችን «ቀለም» የሚለው ቃል የተሸከመው ሸክም ቀላል አይደለም። መልክ ቀለም ነው፤ ብዕር የሚጠጣው ፈሳሽም ቀለም ነው፤ ትምህርት የሚቀበል ልጅ «ቀለም ገባው» ይባላል፤ በዕውቀቱ የበሰለውንም ሰው «የቀለም ቀንድ» እንለዋለን። ይህን ያህል የከበረ ስም ያለውን ዕቃ ሱቅ ገብተን ስንገዛ ግን፣ ለካልሲ ምርጫ የምንጨነቀውን ያህል እንኳ አንጨነቅለትም። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ይኸው ነው፤ በተለይም ብዙ ብዕር ወዳዶች ስለሚማረኩበት ስለ አረንጓዴው ቀለም ነው።

«በስልክና በኮምፒውተር በሚጻፍበት ዘመን ስለ ብልቃጥ ቀለም ማውራት ምን ይረባል?» የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ ተማሪ ዛሬም ማስታወሻውን በእጁ ይጽፋል፤ ወጣቱ ሠራተኛም በደብዳቤው ኅዳግ ላይ አስተያየቱን የሚያሰፍረው በእጁ ነው። ጥቁሩ ከታተመው ፊደል ጋር ይመሳሰላል፤ ሰማያዊው የሁሉም ነው፤ አረንጓዴው ግን የጸሐፊውን እጅ ከሩቅ ያስለያል። የቺሊው ባለቅኔ ፓብሎ ኔሩዳ ግጥሞቹን በአረንጓዴ ቀለም ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 የእንግሊዝ የውጭ ስለላ መሥሪያ ቤት ሲቋቋም የመጀመሪያው አለቃ የሆነው ማንስፊልድ ካሚንግም በአረንጓዴ ይፈርም ስለነበር፣ ልማዱ ለተከታዮቹ አለቆች ተላልፏል። ስለዚህ አረንጓዴን መውደድ ነውር አይደለም። ነውሩ ያለው ሳያውቁ በመግዛት ላይ ነው፤ ይህንንም የምናገረው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ በዕረፍት ጊዜ ወደ አገር ቤት ወርጄ አያቴ ዘንድ ሰነበትሁ። አንድ ምሽት «ልጄ፣ በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል፤ አንተ ፊደል ቈጥረሃልና ዘርህን ጻፍ» አሉኝ። ሦስት ምሽት እርሳቸው እየነገሩኝ እኔ ጻፍሁ። እስከ ሰባት ቤት የአባቶቻችንን ስም፣ ማን ከየት እንደ መጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደ ተጋባ፣ የትኛው ወንዝ ማዶ ማን እንደ ሰፈረ ሁሉ አሥራ አንድ ገጽ ሞላ። ለክብራቸው ብዬም ያን ሰሞን ገዝቼው የነበረውን፣ ወርቃማ ብልጭታ ያለበትን አረንጓዴ ቀለም መርጬ ነበር። በኩራዙ ብርሃን ገጹ ሲያብለጨልጭ አይተው «ይህስ የነገሥታት ጽሕፈት ይመስላል» ብለው ሳቁ።

በተከታዩ ዓመት ከፋሲካ በኋላ አያቴ ዐረፉ። በዚያው ክረምት ደግሞ የተከራየኋት ክፍል ጣራ አፈሰሰና ውሃው ደብተሩን አገኘው። ከአሥራ አንዱ ገጽ የሚነበቡት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ከአራተኛው አያት በላይ ያለው ስም ሁሉ አረንጓዴ ኩሬ ሆኖ፣ በኩሬው ውስጥ ወርቃማው ብናኝ እንዳማረበት ያብለጨልጭ ነበር።

ቀለሙን መውቀስ አልችልም፤ እርሱ የተሠራው ለማማር ነው። ሳላጣራ ዐደራ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

አብዛኛው የብዕር ቀለም በውሃ ውስጥ የሟሟ ማቅለሚያ ነው። በወረቀት ላይ ቢደርቅም ውሃ ባገኘው ጊዜ ተመልሶ ይሟሟል። ለምሳሌ በብዙ ቦታ በርካሽ የሚገኘው የፔሊካን 4001 አረንጓዴ ለዕለት ተዕለት ማስታወሻ የሚሆን፣ ብዕርም የማያውክ ቀለም ነው፤ ነገር ግን ውሃ አይችልም። ብልጭልጩ ቀለም ደግሞ ያንኑ የሚሟሟ ማቅለሚያ ወስዶ ሚካ ከሚባል ማዕድን የተፈጨ ብናኝ የተጨመረበት ነው። ብናኙ ዐይንን ያስደስታል እንጂ ፊደሉን ከውሃ አይጠብቅም።

ብልጭልጩ ከነጭራሹ አይረባም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1864 ጀምሮ ቀለም የሚሠራው የእንግሊዙ ዳያሚን እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ካወጣቸው ብልጭልጮች መካከል፣ «ማጂካል ፎረስት» የተባለው ብርማ፣ «ጎልደን ኦኤሲስ» የተባለው ደግሞ ወርቃማ ብናኝ ያላቸው አረንጓዴዎች ናቸው። ለዕንቁጣጣሽ ካርድ፣ ለሠርግ ጥሪ፣ ለመጽሐፍ ስጦታ የመጀመሪያ ገጽ ይህን የመሰለ የለም። ብናኙ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ብልቃጡን ከመሙላት በፊት ቀስ አድርጎ መነቅነቅ ያስፈልጋል። ጫፉ ቀጭን የሆነ ብዕር ብናኙ ሊደፍነው ስለሚችል ወፍራም ጫፍ ይመረጣል፤ ቀለሙ በብዕሩ ውስጥ ሳይደርቅም በንጹሕ ውሃ ማጠብ ግድ ነው።

ውሃ የማያስለቅቀው ቀለም ደግሞ በዋነኛነት በሦስት መንገድ ይሠራል። አንደኛው በማይሟሟ በጣም ደቃቅ ዱቄት የሚሠራው ነው፤ ዱቄቱ በወረቀቱ ጭረቶች መካከል ገብቶ ይቀራል። የጀርመኑ ዴ አትራሜንቲስ «ዶኩመንት» እያለ የሚያወጣቸው፣ አረንጓዴም ያለባቸው ቀለሞች ውሃን የሚችሉ ናቸው። ሁለተኛው ማቅለሚያው ራሱ ከወረቀቱ ጋር እንዲጣበቅ ተደርጎ የተቀመመው ነው፤ የአሜሪካው ኑድለርስ ከሚሠራቸው አንዳንዶቹ ከዚህ ወገን ናቸው። ሦስተኛው አውሮፓውያን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጽፉበት የኖሩት፣ በባሉጥ ዛፍ ላይ ከሚወጣው እባጭ የሚገኘውን ታኒን ከብረት ጨው ጋር በማዋሐድ የሚሠራው ነው። የጃፓኑ ፕላቲነም እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው «ፎረስት ብላክ» በዚህ ዘዴ የተሠራ ነው፤ ሲጽፉበት አረንጓዴ ይሆንና አየር ሲያገኘው እየጠቈረ ይሄዳል። ለመሥሪያ ቤት ሰው ይህ ጨዋ መልክ ነው። ይሁን እንጂ አሲድነት ስላለው ብዕሩን ቶሎ ቶሎ ማጠብ ያሻል። የማኅተም ቀለምን ወይም ለሥዕል የሚሸጠውን ሙጫማ ቀለም «ውሃ አይለቀውም» ተብሎ በብዕር ውስጥ መጨመር ግን ብዕሩን መግደል ነው።

«ደመወዛችን ምን ያህል ሆነና?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ያው እንደ እናንተው ነኝ፤ ስለዚህ ሂሳቡን አብረን እናስላ። የተለመደችው አጭር ካርትሪጅ የምትይዘው ከ1 ሚሊ ሊትር ያነሰ ነው፤ ስድስቱ ተደምረው 6 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞሉም። አንድ 50 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ከሃምሳ ጊዜ በላይ ትሞላላችሁ። ስለዚህ ዋጋ ስታነጻጽሩ ብልቃጡን ከብልቃጥ ሳይሆን ሚሊ ሊትሩን ከሚሊ ሊትር አነጻጽሩ። ጥሩው ቀለም ለአንድ ሰው ከከበደ ደግሞ አምስት ጓደኛሞች እንደ ዕቁብ አዋጥታችሁ ግዙትና በሲሪንጅ ለአምስት ትንንሽ ብልቃጥ ተካፈሉት፤ ለእያንዳንዳችሁ 10 ሚሊ ሊትር ይደርሳችኋል። ለተማሪ ይህ ለብዙ ሳምንት ይበቃል።

የሻጭንም ቃል አትመኑ፤ ፈትኑ። በምትጽፉበት ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ጽፋችሁ አንድ ቀን ይደር። በአንዱ ላይ ውሃ አንጠባጥባችሁ ከአንድ ደቂቃ በኋላ በሶፍት ምጠጡት፤ ምን እንደ ቀረ ታያላችሁ። ሁለተኛውን ግማሹን በካርቶን ሸፍናችሁ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ለአንድ ወር ለጥፉት። ውሃን የቻለ ሁሉ ብርሃንን አይችልምና ሁለቱም ፈተና ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት መቀመማቸው ጥበብ ነበር፤ ጥላሸት በብርሃን አይደበዝዝምና። ለውልና ለቅጽ ደግሞ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ብቻ የሚቀበል ስለሚበዛ፣ አረንጓዴውን ከማንሣት በፊት ጠይቁ።

እንግዲህ የእኔ አሳብ ይህ ነው፤ ለአንድ ብልቃጥ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ያለው ወጣት መጀመሪያ የማይለቀውን ይግዛ፤ ብልጭልጩ ለበዓል ይቆየው። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለቀለምም ይሠራል።

ባለፈው ዓመት አክስቴ ዘንድ ሄጄ የዘራችንን ቁጥር እንደገና ጻፍሁ፤ በዚህ ጊዜ በፈተንሁት አረንጓዴ ነው። እርሷ የምታስታውሰው እስከ ስድስተኛው አያት ድረስ ነው። የሰባተኛው መስመር ባዶውን አለ፤ ስሙን የሚያውቅ ሰው በቤታችን የለምና። እናንተ የሚነግራችሁ አያት ገና ካላችሁ፣ ሳይመሽ ጻፉ፤ የምትጽፉበትንም ቀለም አስቀድማችሁ ውሃ አጠጡት።