የጎረቤት ፍሪጅ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ስር ከድሮ ወዳጅ ጋር ስገናኝ ሰላምታው ሳያልቅ አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ «ያ ነገር ተሻለህ?» ያ ነገር የተባለው ስኳሬ ነው። «አለ፣ አብረን ነን» ስለው ቅር ይለዋል። በደንብ እንዳልታከምኩ፣ አለዚያም ራሴው እንደለገምኩ ነው የሚቆጥረው። ቀጥሎ ምክሩ ይመጣል። ሐረር ያለ አንድ ሐኪም፣ ጅግጅጋ ያለ አንድ ባለ ቅጠል፣ የአጎቱን ልጅ ፈጽሞ አዳነ የተባለ ጥቁር አዝሙድ። አመስግኜ እለያለሁ።

ክፋት የለውም። የድሬ ሰው ክፋት አያውቅበትም። ነገሩ ግን እኛ የምናውቀው ሕመም መጨረሻ ያለው መሆኑ ነው፤ ሰውየው ይድናል ወይም ይሞታል። ለሁለቱም ወግ አለን። ለዳነው «እንኳን አላህ አሻረህ»፣ «እንኳን ማርያም ማረችህ» እንላለን፤ ለሞተው ድንኳን እንተክላለን። መሃል ላይ ያለው ሰው ነው ወግ ያልተሠራለት። ሳይድንም ሳይሞትም ሥራ የሚገባ፣ ልጅ የሚያሳድግ፣ ሰርግ የሚጠራ፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው።

በእርግጥ ይህ የመሃል ሰው በታሪክ አዲስ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 1914 ዓ.ም. ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን ሲወጋ በዓለም የመጀመሪያው ሆነ። ከዚያ በፊት እንደሱ በልጅነቱ ስኳር የያዘው ሰው ዕድሜው በወራት፣ ቢበዛ በጥቂት ዓመታት የሚቆጠር ነበር። በባቡሩ ሐዲድ ላይ የተቆረቆረችው ከተማችን እንኳን ኢንሱሊንን ወደ ሃያ ዓመት ትበልጠዋለች። የቀብርና የጥየቃ ወጋችንማ ከሁሉም ይቀድማል። ስለዚህ ወጉ የመሃሉን ሰው ባያውቀው አይፈረድበትም። የሚፈረድብን ዛሬም እንዳላየነው ስናልፈው ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ከተማው ሁሉ የመሃል ሰው ሆኖ ነበር። እርግጥ ከዚያ ቀደም፣ በ2005 ማብቂያና በ2006 መጀመሪያ፣ ዴንጊ የተባለው ትኩሳት ከ11 ሺህ በላይ ሰው አልጋ ላይ ጥሎ ነበር፤ እሱ ግን ቶሎ ተረሳ። በ2011 ክረምት የመጣው ቺኩንጉኒያ ነው ያልተረሳው። ትኩሳቱ በሳምንት ሲሄድ የመገጣጠሚያው ሕመም ግን ለብዙዎች ወራት ቆየ። የጠርሙስ ክዳን መክፈት ያቃተው ጎረምሳ፣ ከባጃጅ ሲወርድ እንደ ሽማግሌ የሚያቃስት ሹፌር ያየነው ያኔ ነው። «ተሻለህ?» ሲባል ሁሉም «አለ» ይል ነበር፤ የሚገረምም አልነበረም። እኔ በበኩሌ በዚያ ሰሞን ስለ ሕመሜ ማስረዳት ሳያስፈልገኝ ኖሬያለሁ።

ወደ ሆስፒታል ታሪኬ ልምጣ። አንድ ጊዜ ትኩሳት ይዞኝ ስኳሬ ከቁጥጥር ወጥቶ፣ እያስመለሰኝ፣ ትንፋሼ እያጠረ ተኛሁ። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ የምነግራችሁን በአገራችን የመንግሥት ሆስፒታል የተኛ ሁሉ ያውቀዋል። አስታማሚዬ እህቴ ነበረች። ቀን ቀን ደሜን ይዛ ላብራቶሪ ትሮጣለች፤ የሌለውን ካኑላና ጓንት ከውጭ ፋርማሲ ትገዛለች፤ ግሉኮሱ ሲያልቅ (እኛ የሚንጠለጠለውን ሁሉ ግሉኮስ ነው የምንለው) ነርስ ትጠራለች። ማታ ካርቶን ዘርግታ ከአልጋዬ ስር ትተኛለች። ነርሶቹን አልወቅስም። ሌሊት አንዲት ነርስ ስንት አልጋ ላይ እንደምትዞር አይቻለሁ። የሆስፒታሉ ግማሽ ሥራ የሚሠራው በደሞዝ ሳይሆን በዝምድና ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም ግን አይጽፈውም።

ጠያቂ በበኩሉ ጎረፈ። ብርቱካን፣ ማንጎ ጁስ፣ ለስላሳ በካርቶን። የስኳር በሽተኛ አልጋ ስር የከተማው ጣፋጭ ሁሉ ተከመረ። አስታማሚዎቹ ጠጡት፤ ተመስገን፣ የሚጠጣ አልጠፋም። ጠያቂዎቼ በሙሉ ከልባቸው ነው የመጡት። ወደ ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ ግን ከዚያ ሁሉ ሰው የመጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሰውየው ከሆስፒታል ወጣ፣ እንግዲህ ዳነ።

ከአጠገቤ የተኙት አንድ የሶማሌ አዛውንት ነበሩ። አንድ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ መሰለኝ፣ ላብ አጠመቀኝ፤ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ እህቴ ስታናግረኝ የማይያያዝ ነገር እመልሳለሁ። እሷ ትኩሳቱ የተመለሰ መስሏት ፎጣ ታርሳለች። የአዛውንቱ ልጅ ከካርቶኗ ላይ ተነሥታ መጣች። አማርኛዋ ብዙም አይደለም። ግንባሬን ነካች፣ ልብሴን ዳሰሰች፣ «ሶንኮር! ሶንኮር!» አለች። ከሻይ ብርጭቆዋ ስር ስኳር ጨምራ፣ ውኃ አፍስሳ፣ በማንኪያ እያማሰለች አቀመሰችኝ። ነርሷ ደርሳ ስትለካኝ ስኳሬ ወርዶ ገና መመለስ ጀምሮ ነበር። ልጅቱ ይህን የተማረችው ከሐኪም አይደለም። አባቷ ቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ ወድቀውባት ነው።

የሚያናድደኝ ይኼ ነው። የስኳር መውረድ ምልክት አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ትምህርት ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ መቀባጠር፣ ያለ ምክንያት መቆጣት። ስኳሩ ከ70 በታች ሲሆን ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ መልሶ መለካት፤ ሲስተካከል ምግብ። ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ በአፉ ምንም ሳይሰጡ ወደ ሐኪም ማሮጥ። ስወጣ በተሰጠኝ ወረቀት ላይ የመድኃኒቱ መጠንና የቀጠሮው ቀን ተጽፏል። እህቴን ወይም ባለቤቴን ቁጭ አድርጎ ያስተማረ ግን የለም። መርፌውን የምወጋው እኔ ብሆንም ስወድቅ የማነሣው እኔ አይደለሁም እኮ።

እህቴ የምትሠራው ፋብሪካ ውስጥ ነው። እኔን ለማስታመም የወሰደችው የዓመት እረፍቷን ነው፤ እሱ ሲያልቅ ያለ ደሞዝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ አንብቤዋለሁ። ለታመመው ሠራተኛ ጥሩ ያስባል፦ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደሞዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደሞዝ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሦስት የሥራ ቀን ከነክፍያው ይሰጣል። ላገባም እንዲሁ። ዘመዱን ለሚያስታምም ግን በስሙ የተጻፈ ነገር የለም፤ ልዩና ከባድ ሁኔታ ለገጠመው የተፈቀደው እስከ አምስት ተከታታይ ቀን፣ ያውም ያለ ደሞዝ፣ ያውም በዓመት ከሁለት ጊዜ ያልበለጠ ነው። እህቴ ቀብሬ ላይ ብትቆም ደሞዟ አይነካም ነበር። ያልሞትኩት እሷ ስላስታመመችኝ ነው፤ ደሞዟም የተቆረጠው በዚያው ምክንያት ነው።

ሕጉን ብቻ አልወቅስም። እድራችንም አፎሻችንም ያው ናቸው። በየወሩ የምናዋጣው ለድንኳን፣ ለወንበር፣ ለንፍሮ፣ ለሐዘንተኛው ቤት ነው። በዚህ ነገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ የመጋላ ሰፈሩም የሳቢያኑም የገንደ ቆሬውም አንድ ነን። ሞት ሲመጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሃያ ሰው በር ላይ ይቆማል። ይህን የሚችል ጉልበት ሕመም ላይ ለምን ይተኛል? ማኅበሩ ከሞት ውጭ ሥራ አያውቅም የሚል ካለ ወደ ኋላ ላስታውሰው። ኤች አይ ቪ ቤት በሚያፈርስበት ዘመን በአገሪቱ ብዙ እድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን ለውጠው የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን ቤት ለቤት ይንከባከቡ፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ይደግፉ ነበር። መድኃኒቱ መጣ፣ ሰው ከአልጋው ተነሣ፣ እድሮቹም ወደ ንፍሯቸው ተመለሱ።

ቤት ውስጥ ያለውን እንክብካቤ በተመለከተ የኔን ልንገራችሁ። ፍሪጃችን ከተበላሸ ሰንብቷል፤ አሁን ድስት ማስቀመጫ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። በግንቦትና በሰኔ የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ጭንቀቴን ያውቃል። ስለዚህ የኔ መድኃኒት የሚያድረው ሰፈሩ ሁሉ አዴ በሚላቸው ጎረቤቴ ቤት ነው። አዴ ብልቃጦቹን በፌስታል ጠቅልለው፣ ልጆች እንዳይነኩት በቀይ ክር አስረው፣ ከፍሪጁ በር ላይ ከቅቤው አጠገብ ያኖሯቸዋል። በረዶ የሚሠራው ሳጥን ጋ አያስጠጓቸውም፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን እንደሚጣል ነግሬያቸው ከኔ በላይ ይጠነቀቃሉ። መብራት ሲጠፋ በሩን ማንም እንዳይከፍት ያውጃሉ። ልጃቸው ቀዝቃዛ ውኃ አምሮት ሲከፍት የወረደበትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም፤ በኦሮምኛ ሲሆን ደግሞ ይጣፍጣል።

የጀመርኩት ብልቃጥ እኔ ጋ ነው የሚቀመጠው። እዚህ ላይ ለቆላ ሰው ደስ የሚል ነገር አለ። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኬንያ፣ ዳዳብ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ የቤቱን ሙቀት ለክተው፣ ቀን ወደ 37 ማታ ወደ 25 ዲግሪ በሚደርስበት ቦታ ኢንሱሊን ለአራት ሳምንት ጉልበቱን ሳያጣ እንደሚቆይ በ2013 አሳትመዋል። ይህ ማለት ግን ፀሐይ ላይ ወይም የቆመ መኪና ውስጥ ይተው ማለት አይደለም። ባለቤቴ ትልቅ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ትንሽ ሸክላ አስገብታ፣ መሃሉን አሸዋ ሞልታ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውኃ ታጠጣዋለች። ብልቃጧ እዚያ ውስጥ ናት። ሸክላውን የገዛችው ቀፊራ ገበያ ነው፤ ከፍሪጅ ጥገናው ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ከምንም አይቆጠርም።

ባለቤቴን ካነሣሁ አይቀር፣ እንክብካቤ ሲበዛ ፖሊስነት እንደሚመስልም ልናገር። «ተወጋህ?» «በላህ?» «ምን በላህ?» ልጆቼ ሙሽበክ የሚባለውን ጣፋጭ የያዘ ፌስታል ካዩ ኪሴን ይፈትሻሉ። አንዳንድ ቀን ያስቀኛል፣ አንዳንድ ቀን ቤቱን ጥዬ እወጣለሁ። እሷም ይደክማታል። ደም ግፊቷን ከተለካች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ ስጠይቃት ወሬ ትቀይራለች። አስታማሚን የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም በሷ በኩል አልፎ ወደኔ ነው የሚመጣው።

ከሁሉም በብልሃታቸው የማደንቃቸው የበርጫ ጓደኞቼ ናቸው። ጫት ለስኳር ሕመምተኛ ጥሩ ነው አልልም፤ መርፌ የወጋ ሰው ቅሞ ምግብ ሲዘጋው ስኳሩ ይወርዳል፣ በለስላሳ ላወራርድ ሲል ይወጣል። እኔ መቃሙን ትቻለሁ፣ ጨዋታውን ግን መተው አልቻልኩም። እነሱም ና ብለው ይጠሩኛል፤ ለኔ ያልጣፈጠ ሻይና ለውዝ አለ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አንዱ፣ ሁልጊዜ እሱ ነው፣ ወሬውን ሳያቋርጥ ሰዓቱን ያሳየኛል። ሌላ ምንም አይልም። ምክርም፣ ቅጠልም፣ «ያ ነገር ተሻለህ?» የሚልም የለም።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ሆስፒታሎች ሕመምተኛ ሲወጣ አስታማሚውን ሩብ ሰዓት ያስቀምጡና ያስተምሩ። አሠሪዎች ሕጉ እስኪሻሻል በኅብረት ስምምነት ውስጥ ለአስታማሚ ጥቂት የተከፈለበት ቀን ያስገቡ፤ ከሕጉ የተሻለ መስጠት አይከለከሉም። እድሮችና አፎሻዎች ደግሞ ከድንኳኑ ገንዘብ ቀንሰው በየሰፈሩ አንድ የስኳር መለኪያና አንድ የደም ግፊት መለኪያ ይግዙ፤ የስኳር፣ የልብ፣ የኩላሊት ሕመም ያለበት አባል ማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያስታምመው፣ ያ አስታማሚ ደግሞ አንድ ቀን እንዲያርፍ ማን እንደሚተካው ይወቁ። በእኛ እድር ቀጣይ ስብሰባ ላይ ይህን አጀንዳ አስይዣለሁ። እናንተም በየእድራችሁ አስይዙ፤ የሚቃወም ከተነሣ ቤቱ ስኳር ያለበት ሰው እንዳለ ጠይቁት።