ባለቤቱን ጠይቁ

አንድ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ አውቶሞቢል ሊጽፍ ብዕር ሲያነሣ የኢንጂነሪንግ ወንድሞቻችን ፈገግ እንደሚሉ አውቃለሁ። «አንተ ታሪክህንና ቅኔህን አጥና፤ ሞተሩን ለእኛ ተው» የሚለኝም አይጠፋም። እኔ ግን የምጽፈው ስለ ሞተር ሳይሆን ስለ አንድ ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያውም «ባለቤቱን ጠይቁ» የሚል ነው። ይህን ቃል ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሲናገር የኖረው ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ የመኪና ኩባንያ ነበር። ቃሉ ኩባንያውን እንዴት እንዳነሣው፣ ኋላም እንዴት እንደ ፈረደበት ለአንባቢ ማሳየት እፈልጋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከመነሻው እንጀምር። ጄምስ ዋርድ ፓካርድ በኦሃዮ ውስጥ ዋረን በምትባል ከተማ የሚኖር መሐንዲስ ነበር። ከወንድሙ ከዊልያም ጋር የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሠራ ኩባንያ አቋቁሞ ነበር። በ1898 ወደ ክሊቭላንድ ሄደና አሌክሳንደር ዊንተን የተባለው ሰው ከሚሠራቸው መኪናዎች አንዷን ገዛ። መኪናዋ ግን ገና ወደ ዋረን ስትመጣ በመንገድ ላይ ተበላሸች፤ ከዚያም በኋላ ደጋግማ አስቸገረችው። ፓካርድ ወደ ሠሪው ተመልሶ ጉድለቷን ቢያስረዳው፣ ዊንተን ተቈጥቶ «ይህን ያህል ካወቅህ ራስህ የተሻለ ለምን አትሠራም?» አለው ይባላል። ፓካርድም ስድቡን እንደ ምክር ተቀበለው። ከዊንተን ኩባንያ ሁለት ሰዎች ወደ ራሱ ስቦ ሥራ ጀመረ። በ1899 ኖቬምበር 6 ቀን የመጀመሪያዋ ፓካርድ በዋረን ጎዳና ላይ ሄደች። ይህችው መኪና ዛሬም እርሱ በተማረበት በሊሃይ ዩኒቨርሲቲ፣ በስሙ በተሰየመው ሕንፃ ውስጥ ቆማ ትታያለች።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ፓካርድ የተባለው ስም የተወለደው ቅር ከተሰኘ ባለመኪና አቤቱታ ነው። ዊንተን አቤቱታውን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ አንድ ደንበኛ ባቆየ ነበር፤ ባለመስማቱ ግን ባላንጣ አፈራ። ዊንተን መኪና መሥራቱን በ1924 ሲያቆም ባላንጣው በአሜሪካ ከተከበሩት ስሞች አንዱ ሆኖ ነበር።

ማስታወቂያው የመጣውም ከዚሁ ጠባይ ነው። አንድ ሰው መኪናውን ሊገዛ አስቦ ስለ ጥሩነቱ የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲላክለት ደብዳቤ ጻፈ። ኩባንያው በዚያን ጊዜ የታተመ መግለጫ አልነበረውምና ጸሐፊዋ ምን ብላ እንደምትመልስ ፓካርድን ጠየቀችው። እርሱም «መኪናው ያለውን ሰው ይጠይቅ ብለሽ ጻፊለት» አላት ይባላል። በ1901 ይኸው ቃል በጋዜጣ ማስታወቂያ ላይ ወጣ።

የቃሉ ኀይል ምን ላይ ነው? በእኛ አገር በቅሎ የሚገዛ ሰው ሻጩን ብቻ ሰምቶ ገንዘቡን አይቈጥርም። ሻጭ ሰጋር ናት ይላል እንጂ ትራገጣለች አይልም። ብልኅ ገዢ በቅሎዋን የሚያውቁትን ጎረቤቶች ይጠይቃል። ፓካርድ ያደረገው ሻጩ ራሱ ገዢውን ወደ ጎረቤት እንዲልከው ነው። ሻጭ እንዲህ ሲያደርግ ዳኝነቱን ከእጁ አውጥቶ ለሌላ ሰጠ ማለት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናው ቢበላሽ አፍ የሚዘጋበት መንገድ የለውም።

ሆኖም ለዊንተንም እንፍረድለት። በ1903 ሆራሺዮ ኔልሰን ጃክሰን የተባለ ሐኪም ያገለገለ የዊንተን መኪና ገዝቶ፣ ሱወል ክሮከር ከሚባል መካኒክ ጋር ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ኒው ዮርክ በ63 ቀን ደረሰ። አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በመኪና ያቋረጠ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። በዚያው በጋ ፓካርድም ቶም ፌች የተባለውን የራሱን ሠራተኛ ልኮ፣ ከዚያ በመጠኑ ባነሰ ጊዜ ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ኒው ዮርክ አደረሰ። እንግዲህ በዚያ ዓመት «ባለቤቱን ጠይቁ» ብንል፣ በገንዘቡ ገዝቶ በመንገድ የፈተነው ባለቤት የመሰከረው ለዊንተን ነበር! የአንድ ሰው ምስክርነት፣ ክፉም ይሁን በጎ፣ ፍርድ ለመስጠት አይበቃም ማለት ነው። ፍርዱን የሚያጸናው የብዙ ሰዎችና የብዙ ዓመታት ቃል ነው።

ፓካርድ ይህን የብዙዎች ቃል አግኝቶ ነበር። በ1903 ሄንሪ ጆይና ሌሎች የዲትሮይት ባለገንዘቦች ኩባንያውን ወደ ከተማቸው ወሰዱት። አልበርት ካን የተባለው አርኪቴክት በ1905 ያቆመለት ዐሥረኛው ሕንፃ ብረት በገባበት ቤቶን የተሠራ ስለ ነበረ፣ ምሰሶ ያልበዛበት ሰፊና ብርሃን የሞላበት ወርክሾፕ ሆነ። በ1915 ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ያለውን መኪና አወጣ። ፕሬዚደንት ሃርዲንግ በ1921 ቃለ መሐላ ለመፈጸም የሄዱት በዚሁ መኪና ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ለዚህ ሥነ ሥርዓት በመኪና የሄደ ፕሬዚደንት አልነበረም። በ1920ዎቹ መጨረሻ ፓካርድ በሽያጭ ካዲላክን ይበልጥ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የእንግሊዞቹን የሮልስ ሮይስ መርሊን የአውሮፕላን ሞተር በፈቃድ እየሠራ 55,000 ያህል አወጣ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ኩባንያ ለምን ወደቀ? በዚህ ላይ የተለመደ አስተያየት አለ። በ1930ዎቹ የገንዘብ ችግር ጊዜ የባለጸጎች መኪና ገዢ ስላጣ፣ ፓካርድ በ1935 ዋን ትዌንቲ የተባለውን፣ ዋጋው ከ1,000 ዶላር በታች የሚጀምር መኪና አወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላም ከዚያ የረከሰ ጨመረ። በ1937 ከ100,000 በላይ መኪና ሠራ። ብዙዎች «የስሙ ክብር የወረደው ያን ጊዜ ነው፤ የባንክ ሹምና የሱቅ ጸሐፊ አንድ ስም ያለው መኪና ከነዱ ምን ክብር አለ?» ይላሉ።

እኔ በዚህ አልስማማም። ዋን ትዌንቲ ርካሽ ነበረ እንጂ ቅጥ ያጣ ሥራ አልነበረም። የገዙት ሰዎች ቢጠየቁ የሚያሳፍር መልስ አይሰጡም ነበር፤ ኩባንያውንም ከሞት ያዳነው እርሱ ነው። መልካም ዕቃ ለብዙ ሰው መድረሱ ውርደት ነው የሚል አስተያየት የመኳንንት አስተያየት ነው። ስምን የሚያጠፋው የገዢው ድኅነት ሳይሆን የሠሪው ቸልተኝነት ነው።

ማስታወቂያው ራሱ ግን አንድ ጉድለት ነበረው። ባለቤቱን ጠይቁ አለ እንጂ ሠራተኛውን ጠይቁ አላለም። በጁን 1943፣ ሦስት ጥቁር አሜሪካውያን ሠራተኞች በዕድገት ከነጮች ጎን እንዲሠሩ በመደረጋቸው፣ 25,000 ያህል ነጭ ሠራተኞች የፓካርድን ፋብሪካ ትተው ወጡ። የጦር ሜዳ ሞተር የሚሠራበት ቤት ሥራው ተቋረጠ። ወሩም ሳያልቅ በዲትሮይት ከተማ በዘር ምክንያት ደም ፈሰሰ። በሚያምረው መኪና ወንበር ላይ የተቀመጠው ባለቤት ስለዚህ ጉዳይ ቢጠየቅ ምን ሊመልስ ይችላል? የአንድን ቤት ጤንነት ለማወቅ ዕቃውን የሚጠቀምበትን ብቻ ሳይሆን ዕቃውን የሚሠራውንም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህን የምለው ለሥነ ምግባር ትምህርት ብቻ አይደለም፤ ኩባንያው የወደቀውም በዚሁ በኩል ነውና። ከጦርነቱ በኋላ በ1948 ያወጣው መኪና ሆዱ የተነፋ ስለ ነበረ ሰዎች «ያረገዘች ዝሆን» አሉት። ይህ ቀልድ ብቻ ነው፤ መኪናው ጠንካራ ነበርና። ከባዱ ነገር የመጣው ኋላ ነው። የመኪናዎቹን ቦዲ ይሠራለት የነበረው ብሪግስ የተባለው ኩባንያ ሥራውን በ1953 መጨረሻ ለክራይስለር ሸጠ። ፓካርድም ቦዲውን ራሱ ለመሥራት ተገደደና ስብሰባውን ሁሉ ኮነር አቬኑ ወደሚገኝ ጠባብ ፋብሪካ አዛወረ። በ1954 ደግሞ ስቱድቤከር የተባለውን ኩባንያ ጠቅልሎ ገዛ፤ የስቱድቤከርን የኪሳራ ጥልቀት በሚገባ የተረዳው ግን ከገዛ በኋላ ነው።

በ1955 የወጣው መኪና በሐሳብ ደረጃ የሚደነቅ ነበር። በባሌስትራ ፈንታ ረጃጅም የሚጠመዘዙ የብረት ዘንጎች ስለ ተደረጉለት በወጣ ገባ መንገድ ላይ እንደ ጀልባ ይንሳፈፍ ነበር። አዲስ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተርም ነበረው። ነገር ግን በጠባቡ ፋብሪካ በጥድፊያ ተገጣጠመ። በር በሚገባ አልገጥም አለ፤ የሞተሩ የዘይት ፓምፕና ማርሹን በራሱ የሚለዋውጠው ካምቢዮ ባለቤቶቹን አስቸገረ። ይህን ጉድለት ከባለቤቱ በፊት ያየው የሚገጥመው ሠራተኛ ነው። ጠይቆት ቢሆን ኖሮ፣ ኩባንያው ነገሩን በገበያ ሳይሆን በቤቱ ውስጥ በሰማ ነበር።

አሁን የማስታወቂያውን ፍርድ እንመልከት። ፓካርድ ለሃምሳ ዓመት ሕዝቡን «ባለቤቱን ጠይቁ» ብሎ አስተምሮት ነበር። ሕዝቡም እንደ ተማረው ጠየቀ። መልሱ ግን ተለውጦ ቆየው። በ1956 መኪናው ቢሻሻልም ገዢው አልተመለሰም፤ በጁን ወር በዲትሮይት የሚሠራው የመጨረሻው ፓካርድ ወጣ፤ ሠራተኞቹም ተበተኑ። በ1957ና በ1958 በስሙ የተሸጡት መኪናዎች በሳውዝ ቤንድ የተሠሩ፣ የፓካርድ ልብስ የለበሱ ስቱድቤከሮች ስለ ነበሩ ሰዎች «ፓካርድቤከር» እያሉ ሣቁባቸው። በ1958 ስሙም አበቃ።

«ሦስቱ ታላላቆች፣ ጄኔራል ሞተርስ፣ ፎርድና ክራይስለር፣ ትንንሾቹን ኩባንያዎች ሁሉ ይውጧቸው ነበርና ፓካርድ ምንም ቢያደርግ አይድንም ነበር» የሚል ሰው ሊነሣ ይችላል። እውነትነት አለው። ናሽና ሃድሰንም በ1954 የተዋሐዱት ብቻቸውን መቆም ስላቃታቸው ነው። ነገር ግን ደካማ የሆነ ሰው ያለው ሀብት ስሙ ብቻ ከሆነ፣ ከብርቱው ይልቅ ስሙን መጠበቅ ይገባዋል። ጄኔራል ሞተርስ አንድ መጥፎ ዓመት ቢያልፍበት ይችለዋል፤ ፓካርድ ግን አልቻለም።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የተባለው አባባል በፓካርድ ላይ ደርሷል። የዲትሮይቱ ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት ፍርስራሽ ሆኖ ቆይቶ ከ2022 ጀምሮ እንዲፈርስ ተደርጓል። በዋረን ከተማ ግን የፓካርድ ሙዚየም አለ፤ አሮጌዎቹን መኪናዎች እያደሱ የሚነዱ ባለቤቶችም ዛሬ አሉ። እነርሱን ብትጠይቋቸው የ1930ዎቹን ሥራ ያመሰግኑላችኋል፤ የ1955ቱንም ጉድለት አይደብቋችሁም። ኩባንያው ሞቶ ምስክሮቹ ገና እየመሰከሩ ናቸው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው? እኛ ነገ አስተማሪ፣ ዳኛ፣ ሐኪም፣ የመሥሪያ ቤት ሹም የምንሆን ሰዎች ነን። ሁላችንም «ሕዝብን አገለግላለሁ» ማለታችን አይቀርም። ይህን ማለት ቀላል ነው። «ባለጉዳዩን ጠይቁ» ብሎ በሩን መክፈት ግን ሌላ ነው፤ ይህን የሚለው ሰው መልሱን መፍራት ሳይሆን ሥራውን ማቃናት አለበት።

ከራሳችን ቤት ለመጀመር አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የተማሪዎች ኅብረታችን የዓመቱን ሥራ የሚገልጽ ሪፖርት የሚጽፈው ኮሚቴው ራሱ ነው። ሻጭ ስለ በቅሎው ሲመሰክር እንደ ማለት ነው። ኮሚቴው ሪፖርቱን ከመጻፉ በፊት በየዶርሚቶሪው ያሉትን አባላት ይጠይቅ፤ ሻይ የምታፈላልንንና ክፍሉን የሚጠርግልንንም አይዝለል። የተሰጠው መልስ፣ መራራውም ጭምር፣ ሳይሸፋፈን በዚህ መጽሔት ላይ ይታተም። ይህን ካደረገ እኔ የመጀመሪያው አመስጋኝ እሆናለሁ። ካላደረገም ፓካርድን ያስታውስ፤ ሕዝብ ሳይጠየቅም መልሱን መስጠቱ አይቀርም።