ቁልቢ በሌሊት ሚኒባስ? እኔ የለሁበትም!

ወዳጆቼ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ጽሑፉ ስለሚረዝም ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ተናድጄ ነው የምጽፈው። ንዴቴን ግን እንደ ልማዴ በሒሳብ አስደግፌዋለሁ።

ታኅሣሥ 19 በተቃረበ ቁጥር የላፍቶ ግንብና የመብራት ምሰሶ ሁሉ ማስታወቂያ ይለብሳል። ከሃና ማርያም እስከ ለቡ፣ ከለቡ እስከ ጀሞ መልእክቱ አንድ ነው። የቁልቢ ገብርኤል ጉዞ፣ መነሻ ማታ 3 ሰዓት፣ ለቅዳሴ እንደርሳለን፣ በዓሉን አክብረን በዚያው ቀን እንመለሳለን። ቴሌግራሙም ይህንኑ ይደጋግማል። ከዚያ ስልኬ ይጮኻል። «ቲቸር፣ በምን ብንሄድ ይሻላል? መኪና እንከራይ? የራሳችንን ይዘን እንውጣ? ወይስ ሚኒባሱ ይሁን?»

ለእያንዳንዳችሁ በስልክ ከምደጋግመው እዚሁ ልመልስ። እስከ ድሬዳዋ በባቡር ሂዱ። ድሬዳዋ እደሩ። ተራራውን በማግስቱ በቀን ብርሃን፣ እንቅልፉን በጠገበ ሹፌር ውጡት። የሌሊቱን ሚኒባስ ግን በነፃ ቢሰጧችሁም እንቢ በሉ።

አሁን ምክንያቴን ስሙኝ።

ከአዲስ አበባ እስከ አዋሽ፣ ከአዋሽም እስከ ሚኤሶ ያለው መንገድ በአብዛኛው ሜዳ ነው። ሹፌሩ ትኩስ ሳለ የሚያገኘው ቀላሉን ክፍል ነው ማለት ነው። ከሚኤሶ በኋላ ነው የጨርጨር ተራራ የሚጀምረው። አሰበ ተፈሪ፣ ሂርና፣ ከዚያ ቁልቢ። ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ መታጠፊያ፣ ገደል፣ ደግሞ መታጠፊያ። ማታ 3 ሰዓት ከላፍቶ የተነሳ ሚኒባስ ይህን ተራራ የሚጀምረው ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ነው። የሰው ልጅ አካል እንቅልፍን አጥብቆ የሚጠይቅበት ሰዓት እኮ ነው! እንግዲህ አስቡት። በጣም ከባዱን መንገድ፣ በጣም በደከመ ሰው፣ በጣም በጨለመ ሰዓት። ሆን ብለን አደጋ እናቅድ ብንል ከዚህ የተሻለ ፕሮግራም እናወጣ ነበር?

«ሹፌሩ መንገዱን እንደ መዳፉ ያውቀዋል» ትሉኛላችሁ። ይወቀው። እንቅልፍ ግን እውቀት አይፈራም። ጫቱም መፍትሔ አይሆንም። ዓይን ይከፍት ይሆናል፣ የደከመ አእምሮን ግን አያሳርፍም። ደግሞ ያ ሹፌር ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም የሚሮጠው። የሚከፈለው በምልልስ ነው። ቶሎ ደርሶ ቶሎ ካልተመለሰ ለባለቤቱ የሚያስረክበው አይሞላም። እኛ ደግሞ የምንመርጠው በርካሽ ዋጋ ቶሎ የሚያደርሰንን ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ሹፌሩ ላይ አንከምር። ፍጥነቱን የገዛነው እኛ ነን።

አሁን ወደ 11ኛ ክፍል እንመለስ። እስክሪብቶ አውጡ።

ከቁልቢ ከፍታ እስከ ሚኤሶ ሜዳ ያለው ልዩነት በግርድፉ 1,000 ሜትር ነው። ሰው የሞላበት ሚኒባስ ደግሞ 3,000 ኪሎ እንበል። እምቅ ጉልበት ማለት ክብደት፣ ስበትና ከፍታ ሲባዙ ነበር አይደል? 3,000 ሲባዛ በ10፣ ሲባዛ በ1,000፣ 30 ሚሊዮን ጁል ይመጣል። መኪናው ቁልቁል ወርዶ ሚኤሶ ሲቆም ይህ ጉልበት የት ገባ? ጉልበት አይጠፋም፣ መልኩን ይቀይራል ብያችሁ ነበር። ከፊሉን ነፋስና ጎማ ይበሉታል። የቀረው ወይ ሞተሩ ውስጥ ይገባል ወይ ፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል።

30 ሚሊዮን ጁል ስንት እንደሆነ በቤት ቋንቋ ልንገራችሁ። 20 ዲግሪ ላይ ያለ 90 ሊትር ገደማ ውሃ ያፈላል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራት ተኩል መሆኑ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጠውን ያንኑ ሚኒባስ 72 ጊዜ ቀጥ አድርጎ ከማቆም ጋር እኩል ነው። ይህን ሁሉ ሙቀት የእጅ መዳፍ የምታህል የፍሬን ሸራ ላይ ጫኑትና ምን እንደሚሆን ገምቱ። ሸራው ይግላል፣ መያዝ ያቅተዋል። የፍሬን ዘይቱ ሊፈላ ይችላል፣ ያኔ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። በማግስቱ «ፍሬን እምቢ ብሎት» ተብሎ ይወራል። ፍሬኑ ምን በደለ? ለማይችለው ሥራ ነው የተሰጠው።

የድሮ ሾፌሮች ሕጉን ፊዚክስ ሳይማሩ ያውቁት ነበር። በወጣህበት ማርሽ ውረድ ይሉ ነበር። ከባድ ማርሽ ይዞ ሲወረድ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል፣ ፍሬኑ ያርፋል። ዛሬ ግን ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ የሚለቅ ሞልቷል። በፎሌ ቁልቁል የሚወርድ ሰው 90 ሊትሩን ውሃ በሙሉ በፍሬኑ ሊያፈላው ወስኗል ማለት ነው። ያውም በመልስ ጉዞ፣ ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ፣ በዓሉን በፀሐይ የዋለ ሹፌር!

እዚህ ላይ አንድ ጎበዝ ተማሪ እጁን ማውጣቱ አይቀርም። «ቲቸር፣ ከቁልቢ ወደ ድሬዳዋም በደንገጎ ሲወረድ ያው 1,000 ሜትር ገደማ አይደለም እንዴ?» አዎ፣ ነው። የመሬት ስበት ለማንም አያዳላም። ደንገጎም ቀልድ አይደለም፣ ስንት ከባድ መኪና የበላ ቁልቁለት ነው። ልዩነቱ ያለው ሹፌሩና ሰዓቱ ላይ ነው። ከድሬዳዋ ጠዋት የተነሳ ሹፌር አልጋው ላይ ያደረ፣ የሚነዳውም 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የላፍቶው ሚኒባስ ሹፌር ግን ከቁልቢ ቁልቁል ሲጀምር 400 ኪሎ ሜትር በላይ በሌሊት ነድቶ፣ ሳይተኛ ነው።

ሌላም አለ። ለቁልቢ በእግሩ የሚጓዘውን ምእመን አትርሱት። ከድሬዳዋም፣ ከሐረርም፣ ከመንገድ ዳር ከተሞችም ስለቱን ሊያደርስ ነጠላውን ለብሶ አስፋልቱን ይዞ የሚሄድ ሰው አለ። ኮረብታው ላይ ሲደርስ ድንጋይ የሚሸከምም አለ። በጨለማ መታጠፊያ ላይ የሚያንጎላጅ ሹፌር የሚያገኘው እነዚህን ነው። የእናንተ ትኬት የእናንተን ሕይወት ብቻ አይደለም የሚያስይዘው።

ታሪክም ይመሰክርልኛል። የጥንቱ ባቡር ከጅቡቲ ተነስቶ ሲመጣ ዋናዋ ከተማ ሐረር ነበረች። መሐንዲሶቹ ግን ያንን ተራራ ባቡር ማስወጣት እንደሚከብድ አይተው ሐዲዱን ከግርጌው አሳለፉት። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ እዚያ ሲደርስ አዲስ ከተማ ተቆረቆረች። ያቺ ከተማ ድሬዳዋ ናት። ልብ በሉ፣ ድሬዳዋ የተወለደችው ተራራውን በማክበር ነው! ሜዳውን በባቡር፣ ተራራውን በሌላ መንገድ፣ በእርጋታ። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ምክር ነው። የቁልቢን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ራስ መኮንን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1906 ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው ያረፉት እዚያው ቁልቢ ነው። መንገዱ ለልዑልም ቢሆን ቀላል አልነበረም።

እኛ ላፍቶዎች ደግሞ የሚገርመው ምን መሰላችሁ? የአዲሱ ባቡር ጣቢያ ለቡ ነው። ሰፈራችን! 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረው የኢትዮ-ጅቡቲ መስመር የሚነሳው ከጎናችን ነው። ሌላው የአዲስ አበባ ሰው በሁለት ታክሲ የሚመጣበትን ጣቢያ እኛ አልፈነው ሄደን ሚኒባስ እንጋፋለን። አዳማ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ ድሬዳዋ፣ ሁሉንም ተቀምጣችሁ፣ እግራችሁን ዘርግታችሁ፣ በበሰቃ ሐይቅ በኩል እያያችሁ ትሄዳላችሁ። የሚያንጎላጅ ቢኖር እናንተ ናችሁ፣ ያ ደግሞ ማንንም አይገድልም።

አውቃለሁ፣ መልስ አላችሁ። አንድ በአንድ እንሂድ።

«ባቡሩ በፈለግነው ቀን አይሄድም፣ ይዘገያልም።» እውነት ነው። ስለዚህ ቀኑን አስቀድማችሁ ጣቢያው ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ትኬቱን ቀደም ብላችሁ ቁረጡ፣ ከበዓሉ ሁለት ወይም ሦስት ቀን በፊት ተነሱ። ድሬዳዋ ከዚራ ጥላ ሥር አንድ ከሰዓት ማሳለፍ ቅጣት ነው እንዴ? ባቡር ቢዘገይ የሚጠፋው ሰዓት ነው። ፈቃድ የለኝም የሚለኝ ካለ ደግሞ፣ አልጋ ላይ ሆኖ ሥራ የሚቀርበት ቀን ከዚህ ይበልጣል ብዬ ዝም እላለሁ።

«የራስ መኪና ነፃነት አለው፣ ልጆችና አሮጊት እናት ይዘናል።» ይሁን። በራሳችሁ መኪና የምትወጡ ካላችሁ በንጋት ተነሱ፣ ሁለት ሹፌር ይኑራችሁ፣ አሰበ ተፈሪ ወይም አዋሽ እደሩ። ቁልቁለት ላይ ከባድ ማርሽ ያዙ። ፍሬን መሽተት ከጀመረ ቁሙና እስኪበርድ ጠብቁ። እናታችሁ ግማሽ ሰዓት ዛፍ ሥር ብትቀመጥ ትመርቃችኋለች። የመንገዱን ጸጥታ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ጉዳይ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ ካለ ዘመድ ጠይቁ፣ ደህና አይደለም ካሏችሁ ስለቱን ለሐምሌ 19 አሳድሩት።

«መንገዱ ራሱ ሽርሽር ነው፣ የጨርጨርን ውበት ለማየት ነው።» ይሄኛው ያስቀኛል። በሌሊት ሄዳችሁ በምሽት ስትመለሱ ምኑን አያችሁት? እርከን የተሠራለትን የማሽላ ማሳ፣ የጫቱን አረንጓዴ፣ ከደንገጎ አናት ላይ ታች የተዘረጋውን የድሬዳዋን ሜዳ ማየት የሚቻለው በቀን ነው። ባሕር የሌለን ሕዝብ ነን፣ ገደል ዳር የተንጠለጠለ ውብ መንገድ ግን ሞልቶናል። ባሕር ያላቸው ጣልያኖች እንኳ በአማልፊ ዳርቻ ያለውን ጠምዛዛ መንገዳቸውን ሰው በየመኪናው ሲያጨናንቀው ዝም አላሉም። እ.ኤ.አ. በ2022 በበጋው የጭንቅንቅ ቀናት የእንግዳ መኪና በታርጋ ቁጥር ተራ እንዲገባ አደረጉ። ሌላው በአውቶቡስና በጀልባ ይሂድ አሉ። እንዲህ ያለ መንገድ ላይ መሪ የጨበጠ ሰው አስፋልቱን እንጂ ውበቱን አያይም።

የመጨረሻው መልሳችሁ ከባዱ ነው። «ቲቸር፣ ገብርኤል ይጠብቀናል።»

አሜን። እኔም አምናለሁ። ግን በዚያ ቀን የምናከብረው ምንድን ነው? ሠለስቱ ደቂቅን ከሚነደው እሳት ያወጣቸውን መልአክ አይደለም? እነሱ እኮ እሳቱ ውስጥ ተጣሉ እንጂ ራሳቸው ዘለው አልገቡም። ጌታም ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይይዙሃል ሲባል እንቢ ነው ያለው። ታዲያ እኛ ለምንድን ነው በደከመ ሹፌር ገደል አፋፍ ላይ ቆመን መልአኩን የምንፈትነው? እምነት ማለት ጥንቃቄን መተው ነው ብሎ ያስተማራችሁ ማነው?

በ30 ዓመት ማስተማሬ ሁለት ተማሪዎቼን በመንገድ አጥቻለሁ። አንዱ ለሠርግ ሲሄድ፣ አንዷ ከበዓል ስትመለስ። ስማቸውን አልጽፍም፣ ቤተሰቦቻቸው ይህን ገጽ ያነባሉ። ሁለቱም ሌሊት ነበር። ሁለቱም ይህን ሒሳብ ከእናንተ እኩል መሥራት ይችሉ ነበር። እሷ እንዲያውም ትበልጣችሁ ነበር።

ስለዚህ የጉዞ ማኅበራት አስተባባሪዎች፣ ለእናንተም ቃል አለኝ። ብዙዎቻችሁን አውቃለሁ፣ የምትደክሙት ለበረከት ነው። ማስታወቂያችሁ ላይ የመነሻ ሰዓቱን ከማታ ወደ ንጋት ቀይሩት። ለሹፌሩ የማደሪያ ክፈሉት። በዋጋው ላይ ትንሽ ብትጨምሩ ሰው ያጉረመርም ይሆናል፣ ግን ይከፍላል። በመልሱም አንድ ሌሊት ጨምሩ።

ትኬት የቆረጣችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ። ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው? ስንት ሹፌር አለ? ሹፌሩ የት ነው የሚያድረው? መልሱ «ማታ፣ አንድ፣ መኪናው ውስጥ» ከሆነ ገንዘባችሁን አስመልሱ። አንመልስም ካሏችሁም ተዉላቸው፣ ከሕይወታችሁ ይረክሳል።

በንጋት የሚነሳ ማኅበር የምታውቁ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እሱን ነው የምጠቁመው። ይህን ጽሑፍም ሰሞኑን ሻንጣ እያዘጋጀ ላለ ሰው አድርሱልኝ።