ዳሱን ማኅበረሰቡ ይሠራል፤ ፈተናውንስ ማን ይፈትናል?

በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛትና በኢትዮጵያ ድንበር ዙሪያ፣ የማኅበረሰብ አጋርነት ማለትም ወላጆች፣ መምህራን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የረድኤት ድርጅቶች ለአንድ ትምህርት ቤት በጋራ ኃላፊነት የሚወስዱበት አሠራር ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በተሠሩት ክፍሎችና በተመዘገቡት ልጆች ብዛት ነው። ይህ መለኪያ ግን ወሳኙን ነገር አይነካም። የአካባቢው የግማሽ ምዕተ ዓመት ታሪክ እንደሚመሰክረው ማኅበረሰቡ ትምህርት ቤት ማቆምም ሆነ ልጆችን ከትምህርት ገበታ ሳይለዩ ማቆየት ይችልበታል፤ ተማሪውን ከአንዱ እርከን ወደ ቀጣዩ የሚያሻግረው ፈተናና የምስክር ወረቀት ግን በመንግሥታት እጅ ያለ በመሆኑ፣ ፈታኙን አካል ከመጀመሪያው ያላካተተ አጋርነት የተማሪውንም የወላጁንም ድካም መና ያስቀራል።

ገዳሪፍ ስደተኛ ተማሪዎችን ስታስተናግድ ኖራለች። የኤርትራ ስደተኞች እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የገቡ ሲሆን፣ በ1970ዎቹ የተመሠረተው የኡም ገርጉር የስደተኞች ሰፈር ስደተኛ ሆነው የተወለዱ ልጆች ራሳቸው ወላጅ እስኪሆኑ ድረስ ቆይቷል። ከድንበሩ 70 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ኡም ራኩባም በ1980ዎቹ አጋማሽ ቤተ እስራኤላውያን ያለፉበት መጠለያ ነበር፤ ለሃያ ዓመት ያህል ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በትግራይ ጦርነት ምክንያት በኖቬምበር 2020 እንደገና ተከፈተ፣ በጃንዋሪ 2021 ደግሞ ቱናይድባህ ተጨመረ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች ድንበሩን አቋርጠው ከሰላና ገዳሪፍ ገቡ። በነባሮቹ ሰፈሮችና በአዲሶቹ መጠለያዎች መካከል ያለው ልዩነት ለዚህ መጣጥፍ ክርክር መሠረት ነው፤ በነባሮቹ ልጆች የሱዳንን ሥርዓተ ትምህርት በአረብኛ ሲማሩ፣ በአዲሶቹ ትምህርቱ የተጀመረው በኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት፣ በትግርኛና በእንግሊዝኛ ነበር።

ትምህርት ቤት የማቆሙ አቅም በድንበሩ ግራና ቀኝ ሥር የሰደደ ነው። ሱዳናውያን ነፊር የሚሉት፣ ጎረቤት ተጠራርቶ አንድን ሥራ በአንድ ቀን የሚጨርስበት ልማድ ለኢትዮጵያዊው ደቦ ማለት ነው። ሱዳናዊው የትምህርት ሰው ባቢክር በድሪ እ.ኤ.አ. በ1907 በሩፋዓ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት የከፈተው የቅኝ ገዥው አስተዳደር እያመነታ በራሱ ቤትና በራሱ ኃላፊነት ነበር፤ በ1938 የተቋቋመው የምሩቃን ጠቅላላ ጉባኤም ሕዝቡ በራሱ መዋጮ የሚያቆማቸውን ትምህርት ቤቶች ማስፋፋትን ከዋና ተግባሮቹ አንዱ አድርጎታል። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ወላጅ መምህር ኅብረት፣ በአጭሩ ወመህ፣ ክፍል ማሠራትንና አጥር ማሳጠርን የዕለት ሥራው ካደረገ ቆይቷል። ከሁመራና ከአካባቢው የተሰደዱት መምህራንና ወላጆች ገና መጠለያው ሳይደራጅ ዳስ ጥለው ልጅ መሰብሰብ የቻሉት ይህ ልምድ ስለነበራቸው እንጂ ማንም ስላሠለጠናቸው አይደለም፤ የረድኤት ድርጅቶች ሪፖርት ይህን አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው ፕሮጀክት ውጤት አድርጎ ማቅረቡም ፍትሐዊ አይደለም።

ይሁን እንጂ ይህ አቅም ወሰን አለው፤ ወሰኑም በመጀመሪያ የሚታየው በመምህሩ ላይ ነው። ስደተኛው መምህር የሚከፈለው ደመወዝ ሳይሆን ማበረታቻ የሚባል አነስተኛ አበል በመሆኑ፣ የሰሊጥ አጨዳ በደረሰ ጊዜ የቀን ሥራ ከማስተማር ይሻለዋል። ሱዳናዊው ባልደረባውም ከዚህ የራቀ ዕጣ የለውም፤ የሱዳን መምህራን በ2022 መጨረሻና በ2023 መጀመሪያ በደመወዝ ጉዳይ ሥራ አቁመው ነበር፣ በዚያው በ2023 የሱዳን ጦርነት ከተጀመረ በኋላም ለወራት ያልተከፈላቸው ብዙ ናቸው።

ሁለተኛው ወሰን የእርሻው የጊዜ ሰሌዳ ነው። ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በትራክተር የሚታረሰው የገዳሪፍ ሜዳ የሱዳን የማሽላና የሰሊጥ ጎተራ ሲሆን፣ ሰሊጥ ፍሬው ሳይረግፍ በጥቅምትና በኅዳር መታጨድ ስላለበት እጅ ያለው ሁሉ ይፈለጋል፤ ለኢትዮጵያው የትምህርት ዘመን ይህ ተማሪው ገና ደብተር የገዛበት ወቅት ነው። ከዚያ አስቀድሞ ክረምቱ አለ። መረሬው አፈር ሲርስ መኪና የማያስኬድ በመሆኑ መጽሐፍም፣ ምግብም፣ ተቆጣጣሪም ለሳምንታት አይደርስም (ይህን አፈር በነሐሴ ያልረገጠ ዕቅድ አውጪ ትምህርት ቤቱ ለምን እንደተዘጋ ለመረዳት ይቸገራል)። በዚህ ረገድ የአካባቢ ኮሚቴ ከማንም የተሻለ መሣሪያ ነው፤ ከባለ እርሻዎች ጋር ተነጋግሮ ለጋ ልጆች እንዳይቀጠሩ ማስማማት፣ የአጨዳውን ሳምንታት ዕረፍት አድርጎ ትምህርቱን በበጋ ማካካስ የሚችለው እርሱ ነው እንጂ ካርቱም ወይም ጄኔቫ ያለ ቢሮ አይደለም።

ኮሚቴው ይህን ሁሉ ቢያሳካ እንኳ ልጁ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ከማኅበረሰቡ አቅም በላይ የሆነ ጥያቄ ይገጥመዋል። የኢትዮጵያን ትምህርት የተከተለው ተማሪ የኢትዮጵያን ፈተና በሱዳን ምድር በገዛ ኮሚቴው ሊፈተን አይችልም፤ የሱዳንን ፈተና ለመፈተን ደግሞ አረብኛ ያስፈልገዋል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በ2021 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ካሉ ስደተኛ ልጆች 68 በመቶ የሚሆኑት በአንደኛ ደረጃ ሲመዘገቡ በሁለተኛ ደረጃ የተመዘገቡት 34 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ገልጿል። ለዚህ ማሽቆልቆል ድህነትና የትምህርት ቤት እጥረት ምክንያት ቢሆኑም፣ ወደ የትም የማያደርስ ትምህርት ወላጁን ተስፋ ማስቆረጡ ከእነርሱ ያላነሰ ድርሻ አለው።

የቻድ ተሞክሮ ለገዳሪፍ ቅርብ መስታወት ነው። ከዳርፉር የተሰደዱት ሱዳናውያን በምሥራቅ ቻድ ለአሥር ዓመት ያህል የሱዳንን ሥርዓተ ትምህርት ከያዙ በኋላ በ2014 ወደ ቻድ ሥርዓተ ትምህርት እንዲዞሩ ተወሰነ፤ ብዙ ወላጆች ግን ወደ አገራቸው የመመለስ ተስፋቸው የሚቆረጥ መስሎ ስለታያቸው ተቃወሙ። የተቃውሞው ምክንያት ስሜት ብቻ አልነበረም፤ ቋንቋውንና ፈተናውን የሚነካ ውሳኔ ከላይ ስለወረደባቸው ነው። ኡጋንዳ በአንጻሩ ስደተኞችን በብሔራዊ ሥርዓቷ ውስጥ አስገብታ በ2018 ለስደተኞችና ለተቀባይ ማኅበረሰቦች የጋራ የትምህርት ዕቅድ አውጥታለች። በወቅቱ ሱዳንና ኢትዮጵያ አባል የነበሩበት የምሥራቅ አፍሪካ በይነ መንግሥታት ድርጅት ኢጋድም በዲሴምበር 2017 በጂቡቲ ባወጣው መግለጫ የስደተኞችን ትምህርት ከብሔራዊ ሥርዓቶች ጋር ለማዋሃድ ቃል ገብቷል። ቃሉ ወረቀት ላይ ሠፍሯል፤ ኡም ራኩባ ላለ ርዕሰ መምህር ግን ለተማሪው የትኛውን ካርድ ማተም እንዳለበት አይነግረውም።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 15 ቀን 2023 የተጀመረው የሱዳን ጦርነት ጉዳዩን አባብሶታል። ገዳሪፍ ከካርቱምና ከጀዚራ ለተፈናቀሉት መጠጊያ ስትሆን የከተማዋ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ፤ ስደተኛውና ባለአገሩ ልጅም በአንድነት ትምህርት አልባ ሆነው ቀሩ። የ2023 የሱዳን ሁለተኛ ደረጃ የምስክር ወረቀት ፈተና የተሰጠው በ2024 ዲሴምበር መጨረሻ ሲሆን፣ የሱዳን ጦር ሠራዊት በማይቆጣጠራቸው አካባቢዎች የነበሩ ብዙ ተማሪዎች ሳይፈተኑ ቀርተዋል፤ ሱዳናዊው ተማሪም በገዛ አገሩ የኡም ራኩባ ተማሪ የገጠመውን ዓይነት ችግር ቀመሰው።

ስለዚህ የአካባቢው አጋርነት ከሚቀጥለው ክፍል ግንባታ በፊት ሊይዘው የሚገባው ሥራ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው፤ የእያንዳንዱ ልጅ ክፍል፣ የተማራቸው ትምህርቶችና ውጤቱ በአረብኛና በሚማርበት ቋንቋ የተመዘገበበት መዝገብ ከመጀመሪያው ቀን ተከፍቶ፣ በወላጅ ኮሚቴው ብቻ ሳይሆን በአካባቢው የትምህርት ጽሕፈት ቤትም ማኅተም እንዲጸና ማድረግ፣ የአረብኛ ማጠናከሪያ ትምህርትም ከዚያው ጋር እንዲጀመር መጠየቅ። የሁለቱ አገሮች የትምህርት ሚኒስቴሮች የደረጃ መመደቢያ ፈተና ለማዘጋጀት በተስማሙ ጊዜ የሚመረምሩት ሰነድ ይህ መዝገብ ይሆናል። መዝገቡ በድንበሩ ማዶም ያስፈልጋል፤ ከ2023 ጀምሮ በጋላባት በኩል ወደ መተማ ለተሻገሩት ሱዳናውያን ልጆች የአረብኛ ካርዳቸውን አይቶ ስንተኛ ክፍል እንደሚገቡ የሚወስነው አካል ማን ነው የሚለው ጥያቄ አሁን በምዕራብ ጎንደር በኩል የሚነሳ ነው።