በጉን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ

32 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ ስወጣ፣ አያት አደባባይ አጠገብ ቆሜ የበግ አፍ እየከፈትኩ ለገዢ ጥርስ አሳያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ባለፈው ፋሲካ ሰሞን ግን ሥራዬ ይኸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም በየበዓሉ ከሸኖ አካባቢ በግ እያመጣ ይሸጣል። የደብረ ብርሃን መንገድ በአለልቱ፣ በሰንዳፋና በለገጣፎ አድርጎ ከተማ የሚገባው በእኛ በኩል ነውና፣ በዚያ የሚመጣ በግ አዲስ አበባ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያየው የእኛን ሰፈር ነው። ዘንድሮ ረዳቱ ታመመበትና "ጋሼ፣ ለአሥር ቀን አንተና ልጁ ብታግዙኝስ?" አለኝ። የጡረታ አበሌን አሰብኩ፤ ያልተከፈለውን የልጄን የመጨረሻ ሩብ ዓመት የትምህርት ቤት ክፍያም አሰብኩ፤ "እሺ" አልኩት። የመጨረሻ ልጃችን 10ኛ ክፍል ነው። እሱ "እሺ" አላለም። "ሰው ካየኝስ?" ነው ያለው።

የመጀመሪያው ቀን ሐሙስ ነበር። ልጄ ከትምህርት ቤት መልስ ብቅ ሲል እኔ ራሴ አላወቅኩትም። የሹራቡን ኮፍያ ደፍቷል፣ ከኮሮና ዘመን የተረፈ ማስክ አድርጓል፣ ጥቁር መነጽር ሰክቷል። ከበጎቹ ራቅ ብሎ ቆመ። አንዲት ሴት "ባለበጉ ማን ነው?" ብትለው "እንጃ፣ እኔ ታክሲ እየጠበቅኩ ነው" አላት።

የዕለቱ የመጀመሪያ ገዢያችን አዲስ ሙሽራ ነበር። ከተጋባ የመጀመሪያው ፋሲካ መሆኑን፣ አማቱ እንደሚመጡ፣ በጉንም "ራሴ መርጬ አመጣለሁ" ብሎ ከቤት መውጣቱን ሳንጠይቀው ነገረን። "ጥርሱን ሳታይ እንዳትገዛ" ብለውት ኖሮ አንዱን ሙክት አፉን ፈለቀቀና ጮኸ።

"ኧረ ይሄ የላይ ጥርስ የለውም!"

ሁለተኛውን ከፈተ፤ የለውም። ሦስተኛውንም። ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝና "ጡረተኛ ብቻ ነው እንዴ የሰበሰባችሁት?" አለ።

የ32 ዓመት ልማድ መቼ ይለቃል! ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። በግም፣ ፍየልም፣ ከብትም ከላይ የፊት ጥርስ የላቸውም፤ ያላቸው ጠንካራ ድድ ነው። የሚታየው የታችኛው ነው፤ ስምንት ነው። ጠቦት ሳለ ስምንቱም ትናንሽ የወተት ጥርሶች ናቸው። ዓመት አልፎት ወደ ዓመት ተኩል ሲጠጋ መሀል ያሉት ሁለቱ ይወልቁና በቦታቸው ሰፋፊ ይበቅላሉ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሁለት እየጨመረ አራት ዓመት ገደማ ላይ አፉ ይሞላል። "ሁለት ትልልቅ ጥርስ ካየህ ወጣት ነው፤ ለአማትህ ይሆናል" አልኩት። ሙሽራው ስልኩን አውጥቶ ማስታወሻ ያዘ። የባለቤቴ ወንድም ጠጋ ብሎ "ጋሼ፣ በዚህ አያያዝህ እስከ ዳግም ትንሣኤም ሸጠን አንጨርስ" አለኝ።

ትምህርቴን ሳልጨርስ አንድ ነጭ መኪና አጠገባችን ቆመ። የወረደውን ሰው ወዲያው አወቅኩት፤ የድሮ ተማሪዬ ነው። ኮፍያዬን ወደ ዓይኔ ዝቅ አደረግሁና ድርቆሹን እንደሚያስተካክል ሰው ጀርባዬን ሰጠሁት። የባለቤቴ ወንድም ሸጠለት፤ ሄደ። ቀና ስል ልጄ በዚያ ጥቁር መነጽሩ ውስጥ ሆኖ እኔን ይመለከታል። ምንም አላለም።

በማግሥቱ አንድ ሽማግሌ መጡ። ንጹሕ ኮት ለብሰዋል፣ ዱላ ይዘዋል። በጎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ፣ የአንዱን ዋጋ ጠየቁ፣ ነገርናቸው። "ነገ እመጣለሁ" ብለው ሄዱ። ቅዳሜ መጡና የዚያኑ በግ ዋጋ ጠየቁ፤ "ነገ እመጣለሁ" አሉ። እሑድም እንዲሁ። ልጄ "አባባ ነገ" የሚል ስም አወጣላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደግሞ አንዲት እናት ስልካቸውን ወደ ላይ ይዘው መጡ። ስልኩ ውስጥ ልጃቸው አለች፤ ያለችው ዋሽንግተን ነው፣ እዚያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። የበጉን ገንዘብ የምትልከው እሷ ናትና መራጯም እሷ ሆነች። እናት ስልኩን ቀጥ አድርገው መያዝ ስላልቻሉ ልጄን ጠሩት፤ ስልክ ሲሆን ደግሞ እሱ እምቢ አይልም። "ላቱን አሳየኝ። አሁን ከፊት። ትንሽ አስኪደው" ትለዋለች። በጉ ሮጠ፤ ልጄ ቀረፃውን ሳያቋርጥ ተከትሎ ሮጠ። ስድስት በግ ከታየ በኋላ "የዚህኛው ፊቱ አዝኗል፣ ሌላ ይምጣ" አለች። እናት ትዕግሥታቸው አለቀ። "አንቺ ልጅ! የምንበላው ነው እንጂ የምንድረው አይደለም!" ብለው ስልኩን ዘጉና ባዘነው ላይ ተስማሙ።

ሰኞ ኢንጂነሩ መጡ። ሥራቸውን አላውቅም፤ ሜትር፣ ደብተርና የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ይዘው ስለመጡ ያወጣንላቸው ስም ነው። ባለቤታቸውም አብረዋቸው አሉ። "እኔ በኪሎ ነው የምገዛው" አሉ። በጉን አቅፈው ሚዛኑ ላይ ወጡ፤ 112 አለ። "እኔ 88 ነኝ፤ በጉ 24 ኪሎ ነው" ብለው ደብተራቸው ላይ ጻፉ። የሚከፍሉትም በዚያ ልክ ሊሆን ነው። ባለቤታቸው ከኋላ "88 የነበርከው እኮ ከጾሙ በፊት ነው! ባለፈው ሳምንት ክሊኒክ ስትመዘን 82 ነበርክ" አሉ። የ55 ቀኑ ጾም ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ነበር። ልጄ ማስኩን ወደ አገጩ አውርዶ "እንግዲያው በጉ 30 ኪሎ ነዋ!" አለ። ኢንጂነሩ ሚስታቸውን እያዩ "አንቺ ከማን ጋር ነሽ?" ብለው የስድስቱን ኪሎ ጨምረው ከፈሉ።

ማክሰኞ ባለጃንጥላዋ እማማ መጡ። ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ የገዢና የሻጭ መዳፍ ካልተገናኘ ሽያጩ ያለቀ አይመስልም። እጄን ብዘረጋ "ሕማማት አይደለም እንዴ ልጄ? ትንሣኤ ሳይደርስ የሰው እጅ አልጨብጥም" አሉኝ። ያለ እጅ ደግሞ ሊሄዱ አልወደዱም፤ "ነገ ለሌላ ብትሸጥብኝስ?" በመጨረሻ የጃንጥላቸውን ጫፍ ዘረጉልኝ። "ያዝ። ሸጥኩ በል።" ጃንጥላውን ይዤ "ሸጥኩ" አልኩ። "ገዛሁ" አሉ። ተራ ይጠብቅ የነበረ ሰውዬ ይህ የሰፈሩ ደንብ መስሎት የጋዜጣ ጥቅልሉን ዘረጋልኝ።

አባባ ነገ ግን ከመጠየቅ አልፈው ማስተማር ጀመሩ። ገዢ ሲመጣ ከተቀመጡበት ተነሥተው "በዓይንህ አትግዛ፣ በእጅህ ግዛ" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ የደጋ በግ ጠጉሩ ብዙ ስለሆነ የከሳውም የወፈረ ይመስላል። "እጅህን ከጠጉሩ ሥር አስገባ። የጀርባው አጥንት እንደ መጋዝ ከቆረቆረህ ተወው። ዓይኑን እይ፣ አፍንጫው ይዝረከረክ እንደሆነ እይ፣ ጭራው ሥር ተቅማጥ እንዳለው እይ።" ይህስ ባልከፋ። በጣታቸው እየጠቆሙ "ያ ያስለዋል። ያ ጨው በልቶ ውሃ ጠጥቶ ነው ሆዱ የተነፋው። ያኛው ያነክሳል፣ እንዳትወስደው" ማለት ጀመሩ። የባለቤቴ ወንድም ሊያብድ ደረሰ። "ጋሼ፣ ወይ እሳቸው ይሂዱ ወይ እኔ!"

አላባረርናቸውም፤ ሽማግሌ ማን ያባርራል? ረቡዕ ላይ ግን አንድ ነገር አስተዋልን። ሰው ከእኛ ዘንድ እየበዛ ነው። "እውነት የሚናገሩት አባት ያሉት የት ነው?" ብለው ጠይቀው የሚመጡ ነበሩ። የባለቤቴ ወንድም ሳይነገረው ሻይ ያዝላቸው ጀመር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልጄ ድርቆሽ ሲበትን አንድ ቤተሰብ መጣ። ከእናቱ ጋር ያለው ልጅ የክፍል ጓደኛው ነበር። ዞር ብል ልጄ የለም። ከድርቆሹ ክምር ኋላ ተኝቷል። ሸጬ እስኪሄዱ ድረስ አልተነሣም። ያን ጊዜ ዝም አልኩ። ማታ ቤት ስንደርስ ግን ተናገርኩ። "እኛ ሰርቀን አይደለም፤ በዚህ ሥራ ነው የምትማረው። በአባትህ ታፍራለህ?"

ልጄ ጫማውን እየፈታ "አባዬ፣ አንተስ ያን ዕለት ኮፍያህን ዝቅ አላደረግክም?" አለኝ።

ባለቤቴ ከማዕድ ቤት ብቅ ብላ ሁለታችንንም አየችን። መልስ አልነበረኝም። ለካ መደበቁን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ገና በመጀመሪያው ቀን።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነጩ መኪና እንደገና መጣ። የድሮ ተማሪዬ ለእናቱ ሌላ በግ ፈልጎ ነው። እጄ ወደ ኮፍያዬ ሄደ፤ ልጄ እያየኝ መሆኑን አየሁ። ኮፍያዬን አወለቅኩት።

"ቲቸር!" አለ። ቀጥሎም ድምፁን ቀነስ አድርጎ "የዚያን ዕለትም አይቼዎት ነበር፤ እንዳይከፋዎት ብዬ ነው ዝም ያልኩት" አለኝ። ፊቴ ጋለ። ተደብቄ ነበር ማለት እንኳ አልሆነልኝም። ዋጋ ላይ ግን አልራራልኝም፤ ድሮ በፈተና የቀነስኩበትን ነጥብ ሁሉ ሊያስመልስ የመጣ ይመስል ነበር።

ሲመሽ አንድ በግ ቀረን፤ የሚያነክሰው። ሳምንቱን ሙሉ አባባ ሰው እንዳይገዛው ሲከላከሉት የነበረው ነው። እሳቸውም አልሄዱም። አጠገባቸው ተቀምጬ "አባባ፣ ለምንድን ነው በየቀኑ የሚመጡት?" አልኳቸው።

"እኔ እዚህ ነው በግ የጠበቅኩት" አሉ በዱላቸው ወደ ሕንፃዎቹ እየጠቆሙ። "ይህ ሁሉ መስክ ነበር። አሁን ልጄ ጋ ነኝ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ልጆቹም ጥሩ ናቸው። በግ በግ አይሸትም እንጂ።"

ቀጥለው ኪሳቸውን ፈቱ። "ይህን እናንተ ላይ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። እኔው ልውሰደው። እግሩ ነው የሚያነክሰው እንጂ ሥጋው አያነክስም።" ዋጋውን ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ።

የሚያነክስ በግ አራት ፎቅ ደረጃ አይወጣም፤ ሊፍት የለም። ልጄ ያለ ማንም ትእዛዝ በጉን ትከሻው ላይ አደረገ። ማስኩንና መነጽሩን አስቀድሞ ኪሴ ከተተ፤ "ይሞቀኛል" አለ። እኔና አባባ ከኋላ ቀስ ብለን ስንደርስ ግቢው ሰው በሰው ነው፤ ሽንኩርት የሚልጥ፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ በግ የሚጎትት። ያ የክፍል ጓደኛው መግቢያው ላይ ቆሟል።

"አንተ ነህ እንዴ?" አለው።

"እኔ ነኝ። ይልቅ በሩን ክፈትልኝ፣ ከበደኝ።"

በሩን ከፈተለት። ይህን ያዩ አንዲት ጎረቤት "የእኔንስ ሦስተኛ ፎቅ በስንት ታወጣልኛለህ?" አሉት። ልጄ ለአፍታ አሰበና "100 ብር" አለ። የክፍል ጓደኛው የኋላ እግር ያዥ ሆነ። ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ሲጀምር እነሱ ሰባተኛውን በግ እያወጡ ነበር። ልጄ ቤት ሲገባ ጸጉሩ ሁሉ የበግ ጠጉር ነው፤ 350 ብር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና "የእኔ ድርሻ ነው፤ ለትምህርት ቤቱ ጨምርበት" አለ። ክፍያው ከበዓሉ በኋላ በነበረው ሳምንት ተከፈለ።

ዳግም ትንሣኤ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን በዚያ ሕንፃ ሥር ሳልፍ ከላይ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ብል አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ያ አንካሳ በግ ጎመን እያኘከ ቁልቁል ያየኛል። የአባባን ምራት ደረጃው ላይ አገኘኋት፤ ሳትጠየቅ እጇን አወናጨፈች።

"በፋሲካም ከሉካንዳ ገዝተን ነው የበላነው። አባባ መቼ ይታረድ ስንላቸው፣ ምን እንደሚሉን ያውቃሉ?"

አውቃለሁ። "ነገ" ነው የሚሉት።